የአባት የዕቃ ማዳበሪያ ማታ የት ያድራል?

ዛሬ የማወራው ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ ዕቃ መያዣ ነው። አናጺ፣ ግንበኛ፣ በያጅ፣ የቧንቧ ወይም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ቀለም ቀቢ ያለበት ቤት ሁሉ ይመለከተዋል።

አገና ላይ ጠዋት ወደ ሥራ የሚወጣውን ባለሙያ ልብ ብላችሁ እዩት። መዶሻው፣ መጋዙ፣ ፒንሳው፣ ካቻቢቴው፣ ድሪሉ፣ የተረፈው ምስማር ሁሉ አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ነው። ማታ ያው ማዳበሪያ ቤት ገብቶ በር ጥግ ወይም አልጋ ሥር ያድራል። ቤቱ አንድ ወይም ሁለት ክፍል ከሆነ ደግሞ ዕቃው የሚያድርበትና ሕፃኑ የሚድህበት ወለል አንድ ነው።

ዕቃ መያዣ ሲመረጥ ብዙ ሰው የሚጠይቀው «ስንት ይይዛል?» ብሎ ነው። እኔ ግን በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት «ይቆለፋል ወይ?» ነው ባይ ነኝ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። መዶሻና መጋዝ አደገኛ መሆናቸውን ልጅም ቶሎ ይረዳል። እኔን የሚያስፈራኝ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። ቲነር፣ ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝ፣ የባትሪ አሲድ፣ የተዘጋ ቱቦ መክፈቻ ኮስቲክ ሶዳ ሁሉ በሃይላንድ ተቀድቶ ማዳበሪያው ውስጥ ይገባል። አባትየው የትኛው ምን እንደሆነ ያውቃል። የሦስት ዓመት ልጅ ግን የሚያውቀው ሃይላንድ ውኃ መሆኑን ብቻ ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ ቀለማቸውም እንደ ውኃ ነው።

እንዲህ ዓይነት ነገር የጠጣ ልጅ ካጋጠማችሁ በምንም መንገድ እንዲያስመልስ አታድርጉ። ጣት ጉሮሮው ውስጥ መክተት፣ ጨው በጥብጦ መስጠት፣ ወተት በግድ ማጠጣት ይቅር። ቲነርና ነጭ ጋዝ ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። አሲድና ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ ሲገባ ያቃጠለውን ጉሮሮ ሲወጣ ደግሞ ያቃጥለዋል። አፉን በውኃ አጥቡት፣ የረጠበ ልብሱን አውልቁ፣ ቆዳውንና ዓይኑን በብዙ ውኃ እጠቡ፤ ከዚያ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። «እየተጫወተ ነው፣ ደህና ነው» ብላችሁ እንዳትዘናጉ፤ የሳንባ ጉዳት ከሰዓታት በኋላም ሊታይ ይችላል።

ስለዚህ ኬሚካል ከሌላው ዕቃ ጋር መቀላቀል የለበትም። በራሱ ዕቃ፣ ከነጽሑፉ፣ የራሱ ትንሽ መቆለፊያ ባለው መያዣ ይሁን። ከተቻለ ደግሞ ሥራ ቦታ ይደር።

ወደ ባለሙያው ወገብ ልምጣ። ሸክም ለማንሳት የሙያ ደህንነት ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ወሰን 23 ኪሎ ነው፤ እሱም በሁለት እጅ፣ ከሰውነት ተጠግቶ፣ በምቹ ከፍታ ሲነሳ። በአንድ ትከሻ ተንጠልጥሎ፣ በጭቃ መንገድ ለሚሄድ ማዳበሪያ ይህ ወሰን ብዙ ነው። በአንድ እጅ ለሚያዝ ዕቃ እኔ ከ10 ኪሎ ባይበልጥ እመርጣለሁ። ያንተ ስንት እንደሆነ ካላወቅህ ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጠው። ደግሞም ብዙ ጊዜ ማዳበሪያውን የሚሸከመው ባለሙያው ሳይሆን ረዳቱ ነው፤ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ ረዳቱ ገና አጥንቱ ያልጠና ልጅ ይሆናል። ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም።

ታዲያ ምን ይገዛ? በስልክ የምታዩዋቸው እርስ በርስ የሚደራረቡ፣ ጎማ ያላቸው ትልልቅ የፕላስቲክ ሳጥኖች ያምራሉ። ግን የተሠሩት ለባለ መኪናና ለአስፋልት ነው። ያቺ ትንሽ ጎማ በሐምሌ ጭቃ ላይ ምንም አትረዳም፤ ሳጥኑ ሲደራረብም አንድ ሰው የማይችለው ይሆናል። የላሜራ ሳጥን ጠንካራ ነው፣ ጓጉንቸርም ይይዛል፣ ነገር ግን ባዶውንም ይከብዳል። የሸራ ቦርሳ ቀላል ነው፤ ስለታም ነገር ግን ይቀደዋል፣ አይቆለፍምም።

የኔ ምርጫ አንድ ትልቅ ሳይሆን ሁለት ትንንሽ ነው። በየቀኑ የሚያስፈልገው በአንዱ፣ አልፎ አልፎ የሚያስፈልገው በሌላው ይግባ፤ ሁለቱንም መያዝ ካለበት በግራና በቀኝ እጅ ይከፋፈላል። ክዳናቸው ገጥሞ የሚዘጋ፣ ጓጉንቸር የሚገባበት ቀዳዳ ያላቸው ይሁኑ። መጋዝና መሮ ሽፋን ይኑራቸው። ምስማር ክዳን ባለው ጣሳ ይቀመጥ፤ ወለል ላይ የተንጠባጠበ ምስማር የልጅ እግር ያገኛል። የመንጋጋ ቆልፍ ተሕዋስ የሚኖረው አፈርና የከብት እበት ውስጥ ስለሆነ ምስማሩ ባይዝግም ቁስሉን በሳሙናና በውኃ አጥባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አይቅር። የልጁ የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንት ክትባት መሟላቱንም ካርዱ ላይ እዩ።

«ለሳጥን የሚሆን ብር የለም» የሚለኝ አባት አለ፤ እውነቱን ነው። ለዚያ ቤት የምለው ማዳበሪያውን ግድግዳ ላይ ከፍ ባለ ጠንካራ ማንጠልጠያ ስቀሉ፣ ሃይላንዶቹን ግን ዛሬውኑ አውጡ ነው። የክትፎ ቢላዋን ልጅ ከማይደርስበት የምታኖር እናት ይህን ለማድረግ ከኔ ምክር አትጠብቅም።

ለመስቀል ከአዲስ አበባ የምትገቡ ልጆችና ወንድሞች ደግሞ፣ ቤታችሁ ባለሙያ ካለ መርካቶ ምናለሽ ተራ ጎራ በሉ። ቀለል ባለ ላሜራ፣ በልኩ አሠርታችሁ አምጡለት። ቁልፉ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ለእሱ፣ አንዱ ለእናት።