ጎመኑን አጥበን ገበሬውን ረሳን

በተበከለው የአቃቂ ወንዝ የሚለማው አትክልት ጉዳይ በተነሳ ቁጥር አዲስ አበቤ የሚጨነቀው ለሆዱ ነው። ቆስጣው በምን ውኃ በቀለ? ሰላጣው ውስጥ እርሳስ አለ? ካድሚየምስ? ከዚያ አቼቶ ይገዛል፣ ይዘፈዝፋል፣ ልቡ ያርፋል። ሥር የመጠጠውን ብረት አቼቶ እንደማያወጣው እንኳ ብዙ ሰው አይጠይቅም። በዚያው ማሳ ግን ጭቃውን በእጁ እያገላበጠ፣ በባዶ እግሩ ቦይ ውስጥ ቆሞ የሚውል ሰው አለ። እሱን ዞር ብሎ የሚያይ የለም። አፈር የሚመርዘው ሲበላ ብቻ ነው፣ ቆዳ ምንም አያሳልፍም ብለን አምነናልና።

እምነቱ ስሕተት ነው። መርዝ የሚያግደው የቆዳችን የላይኛው ሽፋን በአብዛኛው ሰውነታችን ላይ ውፍረቱ ከሚሊ ሜትር መቶኛ አንድ ወይም ሁለት እጅ ቢሆን ነው። ውኃን በደንብ ይከላከላል፤ በስብ የሚሟሙ ኬሚካሎች ግን ቀስ እያሉ ያልፉታል። ብዙዎቹ ፀረ-ተባዮች ደግሞ ከዚህ ወገን ናቸው። ፓራታዮን የተባለው ፀረ-ተባይ በፈቃደኞች ቆዳ ላይ ሲሞከር ክንድ 9 በመቶ ያህሉን፣ ግንባር 36 በመቶውን አስገብቷል። አፍንጫውን በነጠላ ሸፍኖ ላቡን በጭቃ እጁ የሚጠርግ ረጪ ራሱን ጠበቀ የምንለው በምን ሒሳብ ነው?

«አፈር መርዙን አጥብቆ ይይዛል፤ ወደ ቆዳ የሚያልፈው ኢምንት ነው» የሚሉ አሉ። ከፊሉ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ የዝንጀሮ ሙከራ፣ በፈሳሽ የተቀባ ዲዲቲ 19 በመቶው በቆዳ ሲገባ፣ ከአፈር ጋር የተቀላቀለው 3 በመቶ ብቻ ገብቷል። ካድሚየምም በቆዳ የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው፤ እሱን በአፍ በኩል መፍራታችን ልክ ነው። በዚያው ሙከራ ግን በጥላሸትና በተቃጠለ የሞተር ዘይት ውስጥ የሚገኘው ቤንዞፓይሪን ከአፈር ተላቅቆ 13 በመቶው ገብቷል። የሦስት በመቶውም ነገር ቢሆን ቀላል አይደለም። ዲዲቲ አንዴ ከገባ በሰውነት ስብ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል፤ ገበሬው ደግሞ ነገም ከነገ ወዲያም እዚያው አፈር ላይ ነው። የተሰነጠቀ ተረከዝና በእሾህ የተቧጨረ እጅ ደግሞ ከጤነኛ ቆዳ የበለጠ ያሳልፋል።

ለማስረጃ ባሕር መሻገርም አያስፈልግም። ከዝሆኔ በሽታ አንዱ ዓይነት፣ ፖዶኮኒዮሲስ፣ ከትል አይመጣም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን የማዕድን ብናኞች በባዶ እግር ቆዳ አልፈው ይገባሉ፤ በዘሩ ተጋላጭ የሆነውን ሰው የሊምፍ ቧንቧ ያቆስላሉ፤ እግሩም ከዓመታት በኋላ ያብጣል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ይህን ያጠናው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። የታማሚዎቹ ቁጥር በአገራችን ወደ 1.5 ሚሊዮን እንደሚደርስ ተገምቷል። መከላከያው ጫማ፣ ውኃና ሳሙና ነው። ስንቱ ግን «እርግማን ነው» እየተባለ ከሰው ተገልሏል! የብናኙ መንገድ ከኬሚካሉ ይለያል፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ፋብሪካ ያልነካው አፈር በቆዳ ገብቶ ሰው ካሰናከለ፣ የፋብሪካና የጋራዥ ዝቃጭ የጠጣው አፈር እንዲሁ ይታመናል?

ስለዚህ አፍና አፍንጫ መሸፈንን ብቻ የሚያስተምር ሥልጠና ግማሽ ሥልጠና ነው። ፀረ-ተባይ የሚሸጥ ሰው ጓንትና ቦቲ ሳያሳይ ጠርሙሱን ማቀበል የለበትም። በርጭቱ ማግሥት ለአረም ሴቶችን በባዶ እግራቸው የሚያሰማራ ባለማሳ ተጠያቂ ይሁን። በየማሳው ዳር ንጹሕ ውኃና ሳሙና ይቀመጥ፤ መርዝ ቆዳ ላይ በቆየ ቁጥር የሚገባው ይጨምራልና። የቆስጣውን ቅጠል ለምርመራ የሚወስድ ተመራማሪም የቀጣፊዋን ደምና ሽንት አብሮ ይመርምር። ሠራተኛውን እየመረዘ የሚደርሰን አትክልት፣ በአቼቶ ቢዘፈዘፍም፣ ንጹሕ አይባልም።