ግራር የመሰለውን ወራሪ ዛፍ ለይቶ የማወቅ ጉዳይ

በአፋር ክልል የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ የተስፋፋው ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የተሰኘው እሾሃማ ዛፍ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት መውረሩን ጥናቶች ያመለክታሉ። መገኛው መካከለኛው አሜሪካና አካባቢው የሆነው ይህ ዛፍ በ1970ዎቹ በመካከለኛው አዋሽ የመስኖ እርሻዎች አካባቢ ነፋስ እንዲከላከልና አፈር እንዲጠብቅ ታስቦ መተከሉ ይታወሳል። ከአርብቶ አደሮቹ አንዳንዶቹ ዛፉን የሚጠሩት በዘመኑ መንግሥት ስም መሆኑ ቅሬታቸውን ያሳያል።

ዛፉን ለመቆጣጠር በሚደረገው ጥረት ብዙም ያልተነገረለት ችግር ከአገር በቀሉ ግራር ጋር ያለው መመሳሰል ነው። በክልሉ ቀደም ሲል ፕሮሶፒስን እየቆረጡ ከሰል የሚያከስሉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው ነበር። ይሁን እንጂ በዚሁ ሽፋን ግራር ጭምር እየተቆረጠ በመገኘቱ የከሰል ሥራው እንዲታገድ ተደርጓል። ከሰል ሆኖ በጆንያ የተሞላን እንጨት በኬላ ፍተሻ መለየት የማይታሰብ በመሆኑ ቁጥጥሩ መጀመር ያለበት ከመጥረቢያው በፊት ነው።

ለመለየት አስተማማኙ ምልክት አበባውና ፍሬው ነው። የአብዛኛው ግራር አበባ ድቡልቡል ሲሆን፣ የፕሮሶፒስ አበባ ግን እንደ አባጨጓሬ የረዘመና ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው። አንዳንድ የሙጫ ግራሮችም ረዘም ያለ አበባ አላቸው፤ የእነዚህ አበባ ግን ነጣ ያለ፣ እሾሃቸውም እንደ መንጠቆ የቆለመመ ነው። የፕሮሶፒስ እሾህ ቀጥ ያለና ጠንካራ ነው። ፍሬው እንደ ፎሶሊያ ይረዝማል፤ ሲበስል ቢጫ ይሆናል፤ ይጣፍጣል፤ ደርቆም አይፈነዳም። የዣንጥላ ግራር ፍሬ በአንጻሩ የተጠማዘዘ ነው። በበጋ ሌላው ሁሉ ሲራገፍ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆም ቁጥቋጦም ጥርጣሬ ሊያሳድር ይገባል።

አስቸጋሪው አበባም ፍሬም የሌለውን ችግኝ መለየት ነው። ይሁንና ከብቶችና ፍየሎች ፍሬውን በልተው ዘሩን ከነሕይወቱ በፋንድያቸው ስለሚጥሉ፣ አዲስ ወረራ በቅድሚያ የሚታየው በከብት መንገድ፣ በበረትና በውሃ መጠጫ ዙሪያ ነው። ጎርፍም ዘሩን ወደ ታች ያወርደዋል። በእነዚህ ስፍራዎች በቅሎ የተገኘ ችግኝ በእጅ ይነቀላል። ዓመታትን ካስቆጠረ በኋላ ግን ከመሬት በላይ መቁረጥ በርካታ ግንድ እንዲያቆጠቁጥ ከማድረግ አያልፍም፤ እንቡጦቹ ከአፈር በታች ስለሆኑ ሥሩ ተቆፍሮ መውጣት ይኖርበታል። ይህን የጉልበት ሥራ ግጦሹን ያጣ አርብቶ አደር ብቻውን ይወጣዋል ብሎ መጠበቅ አዳጋች ነው።