ቢመለስም መርፌው ዋጋ አለው

«ከሥሩ ካልተነቀለ ሕክምና አይባልም» የሚለውን አስተሳሰብ ከሐኪሞችም ከታካሚዎችም እሰማለሁ። በሚኒያፖሊስ ከተማ በአንድ የእጅ ሕክምና ክሊኒክ ነርስ ነኝና ይህ አስተሳሰብ ሰዎችን ሲጎዳ አያለሁ።

ከተማችን በምትገኝበት በሚኔሶታ ግዛት የስዊድንና የኖርዌይ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ከእነርሱ መካከል ዕድሜያቸው ከሃምሳ ሲያልፍ የቀለበት ጣታቸውና ትንሿ ጣታቸው ወደ መዳፍ እየታጠፈ አልዘረጋ የሚላቸው አሉ። የዱፑይትረን በሽታ ይባላል። በመዳፍ ቆዳ ሥር ያለው ስስ ሽፋን እየወፈረ እንደ ገመድ ይሆንና ጣቱን ይጎትታል። ብዙ ጊዜ አያምም፤ ጓንት ማጥለቅ፣ እጅን ኪስ ማስገባት፣ ፊት መታጠብ ግን ያስቸግራል።

በመርፌ ሲታከም ሐኪሙ መዳፉን በጥቂቱ ያደነዝዝና በመርፌው ጫፍ ገመዱን ከቆዳው ሥር እዚህም እዚያም ይቆርጠዋል። ከዚያ ጣቱን ሲዘረጋው የሳሳው ገመድ ይበጠሳል። ታካሚው ነቅቶ ያወራል፤ ጣቱ ጫፍ ላይ ንዝረት ከተሰማው ነርቭ ቅርብ ነውና ወዲያው ይናገራል። ስፌት የለውም። ሰውየው ፕላስተር ተለጥፎለት ቤቱ ይገባል፤ በጥቂት ቀን ውስጥም ለቀላል ሥራ እጁን ይጠቀምበታል። በቀዶ ሕክምና ግን መዳፉ ተከፍቶ የወፈረው ሽፋን ይወጣል፤ ቁስሉ እስኪድንና እጁ እስኪፍታታ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል።

መዳፍ ሳይከፍቱ ገመዱን የመቁረጥ ሐሳብ የቆየ ነው። በሽታው ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1831 በፓሪስ መዳፍ ከፍቶ ካከመው ከጊዮም ዱፑይትረን ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም አስትሊ ኩፐር ግን ቀደም ብሎ በ1822 ገመዱን በጠባብ ቀዳዳ በቀጭን ስለት መቁረጥ እንደሚቻል ጽፎ ነበር። ዛሬ የምንሠራበትን የመርፌ ዘዴ ደግሞ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያዳበሩት የፓሪስ የመገጣጠሚያ በሽታ ሐኪሞች ናቸው።

የመርፌው ጉድለት መደበቅ የለበትም። ገመዱ ይቆረጣል እንጂ አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ አምስት ዓመት ተከታትሏቸዋል። መታጠፉ በመርፌ ከታከሙት 85 በመቶ ገደማ፣ በቀዶ ሕክምና ከታከሙት ደግሞ 21 በመቶ ገደማ ላይ ተመልሷል። ይህን ቁጥር ይዘው መርፌውን ከንቱ የሚሉ አሉ። ከዚያው ጥናት ለእኔ ሚዛን የሚደፋው ግን ሌላ ውጤት ነው፤ በሽታው ቢመለስባቸው የትኛውን ሕክምና እንደሚመርጡ ሲጠየቁ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መርፌውን መርጠዋል። ታካሚው የሚመዝነው የጣቱን መታጠፍ ብቻ አይደለም፤ ከሥራ የሚቀርበትን ጊዜ፣ ሕመሙንና የሚረዳው ሰው መኖር አለመኖሩንም ይመዝናል።

በእኛ በኢትዮጵያውያን ላይ በሽታው ብዙም አይታይም። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ግን ከሌላው ይበልጥ ይጋለጣል። ከስኳር ጋር ለረጅም ጊዜ የኖሩ አንድ አባት ወደ ክሊኒካችን መጥተው «ልጄ፣ አንዴ ከሥሩ ንቀሉልኝና ልረፍ» አሉኝ። «ጋሼ፣ ቀዶ ሕክምናውም ቢሆን ያዘገየዋል እንጂ እንዳይመለስ ዋስትና አይሰጥም» አልኳቸው። ባለቤታቸው የአልጋ ቁራኛ ናቸው፤ የሚያነሷቸውና የሚያጥቧቸው እኚሁ አባት ናቸው። ለሳምንታት አንድ እጃቸው ቢታሰር ቤቱን ማን ይይዘዋል? ነገሩ በዝርዝር ሲነገራቸው መርፌውን መረጡ።

ቀዶ ሕክምናን አልቃወምም። ቆዳው ከገመዱ ጋር ተጣብቆ ሲጠነክር፣ ወይም የጣቱ መካከለኛ መገጣጠሚያ ለረጅም ጊዜ ታጥፎ ሲደርቅ የተሻለው እርሱ ሊሆን ይችላል። መርፌውም ባልሠለጠነ እጅ ነርቭና ጅማት ይጎዳል። የምቃወመው ሐኪሙ አንዱን መንገድ ብቻ አሳይቶ ሌላውን ሲያስቀር ነው።

መዳፋችሁን ጠረጴዛ ላይ አስተኙት። ጣታችሁ ተነሥቶ አልተኛም ካለ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ብቻ ካነሣ ስለ መርፌው ጠይቁ፤ መርፌ ብቻ ካነሣም በሽታው የመመለሱን ዕድል ጠይቁ። ሐኪሞችም ሁለቱን ከነጉድለታቸው ተናገሩ፤ ውሳኔው የእጁ ባለቤት ነው።