የመኪናችሁ «እግር» እና የአዋሽ–ሰመራ መንገድ፦ የአሮጌ መኪና ጥገና እንዴት የአገር ጉዳይ ሆነ?

ቴሌግራም ላይ የመኪና ሽያጭ የምትከታተሉ ከሆነ ይቺን መስመር በደንብ ታውቋታላችሁ፦ «ሞተር፣ ካምቢዮ፣ እግር እንከን የሌላት»። ብዙ ገዢ ሞተሩን አስነስቶ ድምፁን ይሰማል፣ ቀለሙን ያያል፣ እግሩን ግን ሻጩ የነገረውን አምኖ ይወስዳል። ሞተር ቢበላሽ መኪናው መንገድ ዳር ይቆማል፤ ያናድዳል እንጂ አይገድልም። የፊት እግር ወይም የመሪ ዕቃ በ90 ፍጥነት ላይ ከለቀቀ ግን መኪናው አይቆምም፣ ወዴት እንደሚሄድም አይታወቅም።

ይህን ጉዳይ ዛሬ ያነሳነው ያለምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን በጣም ውድ አደረገው። በጥር 2016 ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገባ ተናገሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬውን ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ፣ በኋላም ከ130 በላይ ወጣ።

ሦስቱን ስትደምሯቸው ውጤቱ ቀላል ነው፤ መንገድ ላይ ያለው አሮጌ መኪና ከመንገድ አይወጣም። ቪትዟም፣ ኮሮላዋም፣ አባዱላውም፣ አይሱዙውም ተጠግኖ ተጠግኖ ይሄዳል። መንግሥት «መኪናውን እናድሳለን» ብሎ የወሰነው ውሳኔ ለብዙው ሰው «ያለህን ጠግነህ ኑር» ሆኗል። እኛ ኤሌክትሪክ መኪናን አንቃወምም። ግን የሚጠገነው መኪና በምን ዕቃ፣ በማን እጅ፣ በየትኛው መንገድ ላይ እንደሚሄድ ሲወራ ብዙም አንሰማም።

መንገዱን እንየው እንግዲህ። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄዱ አዋሽ ሰባት ትደርሳላችሁ። አዋሽ ሰባት ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፦ ቀኙ ወደ ድሬዳዋ፣ ግራው በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ወደ ሎጊያ፣ ሰመራ፣ ጋላፊ። ከአገሪቱ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ ነው የሚያልፈው። ባቡሩ አዋሽን ይነካል፣ ግን በድሬዳዋ በኩል ስለሚሄድ ሰመራን አያገኛትም። ስለዚህ የሰመራው አስፋልት ሸክሙን የሚቀበለው ከከባድ መኪና ጎማ ነው።

አስፋልቱ የተሠራበት ሬንጅ ሙቀት ሲያገኝ ይላላል። ሰመራ ላይ በሙቀቱ ወቅት የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆን የመንገዱ ላይ ግለት ከዚያም በጣም ይበልጣል። የተሳቢ ጎማ የላላውን አስፋልት እየተጫነ ቦይ ያወጣበታል። መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት አንድ ቀመር አለ፦ በአንድ አክስል ላይ ያለው ጭነት ሁለት እጥፍ ሲሆን የመንገዱ ጉዳት 16 እጥፍ ገደማ ይሆናል። አንድ ከልክ በላይ የጫነ ተሳቢ የሚያደርሰውን ሺህ ቪትዝ ቢሄድበት አያደርሰውም። ቪትዟ ግን በዚያ ቦይ ውስጥ ነው የምትነዳው፤ መሪው ወደ ቦዩ ይጎትታል፣ ሹፌሩ ይመልሳል፣ እንደገና ይጎትታል። ያ ሁሉ መጎተትና መመለስ የሚያርፈው ቴስቲናና ቦልጆይንት ላይ ነው።

በዚህ ላይ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ አካባቢ ምድር ሲንቀጠቀጥ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ታኅሣሥና ጥር ላይ ከ5 በላይ የተመዘገቡ መንቀጥቀጦች ነበሩ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ወጣ፣ መሬትና አስፋልት ተሰነጠቀ። ክረምት ሲመጣ ደግሞ አዋሽ ከአልጋው ወጥቶ ዱብቲንና አሳይታን ያጥለቀልቃል። ጎርፍ ውስጥ የገባች መኪና፣ የእግሯ ላስቲክ ትንሽ የተቀደደ ከሆነ፣ ውኃና ደለል ይዛ ትወጣለች።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ጋራዥ እንግባ፤ ምክንያቱም ነገሩ ያለው ዝርዝሩ ላይ ነው።

የፊት እግር ማለት በቀላሉ ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኙት ዕቃዎች ናቸው። ሞላው ወይም ባሌስትራው ክብደቱን ይሸከማል፣ አሞርዛተሩ ዝላዩን ያበርዳል፣ ብራቾው ጎማውን በቦታው ይይዛል። ብራቾው ከሻንሲው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላስቲክ ያለው ቦኮላ አለ። ጎማው ከብራቾው ጋር የሚገናኘው ደግሞ በቦልጆይንት ነው፤ በጽዋ ውስጥ እንደ ትከሻችን የምትዞር የብረት ኳስ አድርጋችሁ አስቧት። ቴስቲናም የዚህ ዘመድ ናት፤ የመሪውን ትእዛዝ ለጎማው የምታደርስ። እንደ ኤንፒአር ያሉት አይሱዙዎች ቦልጆይንት የላቸውም፤ በወፍራም አክስል ላይ የሚዞር ፔርኖ ነው ያላቸው፣ በየጊዜውም ግራሶ መመታት አለበት።

ታዲያ አፋር ላይ የሚሆነው ምንድን ነው? ሙቀቱ ላስቲኩን ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል። በስንጥቁ አቧራ ይገባል። አቧራና ግራሶ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ነገር ብረት መሞረጃ ነው በሉት። ኳሷ ትበላለች፣ ክፍተት ይፈጠራል፣ ጉድጓድ ስትገቡ «ቋ» የሚል ድምፅ መስማት ትጀምራላችሁ። ያ ድምፅ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ሰው ይለምደዋል፣ ሙዚቃውን ከፍ ያደርጋል። አንድ ቀን ግመል ድንገት መንገድ ሲያቋርጥ መሪውን በኃይል ታዞራላችሁ፣ ኳሷ ከጽዋዋ ትወጣለች፣ ጎማው ወደ ውጭ ይገነጠላል።

ይህን አስቀድሞ ማወቅ ከባድ አይደለም፣ ማሽንም አይፈልግም። መኪናው በክሪክ ይነሳል፤ ክሪክ ብቻ አይታመንምና ሥሩ ጠንካራ መደገፊያ ይገባል። ጎማውን ላይና ታች ይዞ መነቅነቅ፦ ከተንቀሳቀሰ ቦልጆይንት ወይም የጎማው ኩሽኔታ ነው። ግራና ቀኝ ይዞ መነቅነቅ፦ ከተንቀሳቀሰ ቴስቲናውን ወይም መሪውን ተጠራጠሩ። ከጎማው ሥር ብረት አስገብቶ ወደ ላይ ማንሳትም የተደበቀውን ክፍተት ያወጣዋል። አምስት ደቂቃ ነው ሁሉም። መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ሻጩ ይህን አላስነካም ካለ መልሱን አግኝታችኋል።

ጥገናው ላይ ሁለት ዓይነት ባህል አለ። አንዱ «ድምፅ ያለውን ብቻ ቀይር» የሚለው ነው። የግራው ቦልጆይንት ይቀየራል፣ ተመሳሳይ ኪሎ ሜትር የሄደው የቀኙ ይቀራል፤ ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ጋራዥ። ሁለተኛው ሙሉ የእግር ሥራ ነው፦ በሁለቱም በኩል ቦልጆይንት፣ ቴስቲና፣ ቦኮላ፣ እንደ ሁኔታው አሞርዛተር። በአንድ ጊዜ ኪስ ይጎዳል፣ ግን የእጅ ዋጋ የሚከፈለው አንድ ጊዜ ነው። የቦኮላዎቹ ብሎን መጨረሻ የሚጠብቀው መኪናው መሬት ላይ ወርዶ ክብደቱን ሲሸከም ነው፤ እግሩ ተንጠልጥሎ እያለ ከጠበቀ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀራልና ቶሎ ይቀደዳል። ይህን የማያደርግ መካኒክ ብዙ ነው። ደግሞ የቴስቲናው ዳዶ እንዳይፈታ የሚያስረው ፒን አሮጌው ተመልሶ አይገባም፤ የሳንቲም ዕቃ ነው፣ ሕይወት ይይዛል።

ከዚያ አላይመንት። ቴስቲና ተቀይሮ አላይመንት ካልተሠራ፣ ጎማዎቹ በጥቂት ሚሊ ሜትር ተዛብተው በየኪሎ ሜትሩ ወደ ጎን እየተፋቁ ይሄዳሉ። አዲስ ጎማ በዚህ ሙቀት፣ በዚህ አስፋልት ላይ ስንት እንደሚቆይ ገምቱ። ያተረፋችሁት የአላይመንት ዋጋ በጎማ ተከፈለ ማለት ነው።

እሺ፣ ዋጋው? ውጭ አገር 20 ዶላር የሚሸጥ አንድ ቦልጆይንት ብንወስድ፣ ዶላር 57 ብር ሳለ ገና ሳይጓጓዝና ሳይቀረጥ 1,140 ብር ነበር። በ130 ብናሰላው 2,600 ነው። በሁለቱም በኩል፣ ከቴስቲናውና ከቦኮላው ጋር አባዙት። ደመወዝተኛ ወይም የሚኒባስ ሹፌር ይህን ሲያይ ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል፦ አንድም ወደ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ፍለጋ፣ አንድም ኦሪጅናል የሚል ካርቶን ውስጥ የገባ ምንነቱ የማይታወቅ ዕቃ፣ አንድም ወደ ብየዳ። ያረጀ ቦልጆይንት ጽዋውን አጥብቦ ወይም በዝዶ «ታድሷል» ብሎ መመለስ አለ። ቦኮላ በቶርኖ ቢሠራ ብዙ አንናገርም፣ አንዳንዱ ጥሩ ይሠራል። ቦልጆይንት ላይ ብየዳ ግን እብደት ነው፤ ብረቱ የተሰጠውን ጥንካሬ በሙቀት ያጣል፣ መቼ እንደሚሰበርም ምልክት አይሰጥም።

አንዳንድ አንባቢዎቻችን «ኤሌክትሪክ ሲገባ ይህ ሁሉ ይቀራል» ትሉናላችሁ። አይቀርም። ኤሌክትሪክ መኪና ዘይትና ፍሪሲዮን የለውም እንጂ ቴስቲናም፣ ቦልጆይንትም፣ ቦኮላም አለው። በባትሪው ምክንያት ደግሞ ከአቻው ቤንዚን መኪና ይከብዳል፤ ያ ክብደት የሚያርፈው እግሩ ላይ ነው።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው። መንግሥት በ2014 ለኤሌክትሪክ መኪና የተጨማሪ እሴትና የኤክሳይስ ታክስ አንስቶ ነበር። ጥሩ። ለእግር፣ ለመሪና ለፍሬን ዕቃስ ለምን ተመሳሳይ ነገር አይታሰብም? ዝርዝሩ ረጅም አይደለም፣ የቅንጦት ዕቃም አይደለም። የጥራት ቁጥጥሩም አብሮ መምጣት አለበት፣ አለበለዚያ ቀረጡ ቀርቶ የሚገባው ያው የካርቶን ኦሪጅናል ይሆናል።

ዓመታዊ ምርመራውም ቢሆን ቦሎ መለጠፊያ ብቻ መሆን የለበትም። ጎማው ሳይነሳ፣ ቴስቲናው ሳይነቀነቅ ያለፈ መኪና ተመርምሯል ማለት አይቻልም። በዚህች አገር በየዓመቱ ሺዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ፤ ሪፖርቱ ላይ በአብዛኛው የምናነበው «ከመጠን በላይ ፍጥነት» እና «የአሽከርካሪ ስህተት» ነው። ከተገለበጡት መካከል የስንቱ ቦልጆይንት ከአደጋው በፊት ነው የወጣው፣ የስንቱስ በአደጋው? ብረቱን አይቶ መለየት የሚችል ባለሙያ አለን፤ ስብራቱ ያረጀና የዛገ ነው ወይስ አዲስና የሚያብረቀርቅ፣ ይታያል። የፖሊስ ሪፖርቱ ላይ ለዚህ አንድ መስመር ይጨመር።

ሎጊያ፣ ሚሌ፣ ገዋኔ ወይም አዋሽ ሰባት ያላችሁ መካኒኮችና ሹፌሮች፦ የቦልጆይንትና የቴስቲና ዋጋ በእናንተ ከተማ ስንት ገባ? ከየትኛው መኪና እንደሆነና ዕቃው ስንት ወር እንደቆየ ጨምራችሁ በውስጥ መስመር ላኩልን፣ ስም አንጠቅስም። የላካችሁትን ከአዲስ አበባ ዋጋ ጋር አነጻጽረን እናቀርባለን።