«ለምን?» የማይባልበት ኬሚስትሪ

ስለ ኬሚስትሪ ትምህርታችን ረጋ ብዬ ልናገር ብል አልችልም። አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ጠይቁ፤ ሊቲየም፣ ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ሩቢዲየም፣ ሲዚየም እያለ እንደ ዳዊት ይደግምላችኋል። በንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ላይ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ከውሃ ጋር የሚያደርጉት ሪአክሽን እንደሚበረታም ይነግራችኋል። «ለምን?» ስትሉት ግን ዝም ይላል።

ልጁን አልወቅስም። የምወቅሰው ሰሌዳ ላይ «በዚህ በኩል ይጨምራል» የሚሉ ሁለት ቀስት አስምሮ «ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል» የሚለውን አስተማመር ነው። እኔም ያለፍኩት በዚያው ነው። የተማርኩበት ትምህርት ቤት ነጭ ጋዝ ውስጥ የተነከረ ሶዲየም ነበረው፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ጨርሰን እስክንወጣ አልተከፈተም። ይህ በልጅ አእምሮ ላይ የሚፈጸም በደል ነው።

ምክንያቱ እኮ ከባድ አይደለም! እነዚህ ሜታሎች በመጨረሻው ሼል ላይ ያላቸው አንድ ኤሌክትሮን ነው። ወደ ታች ሲወረድ ያ ኤሌክትሮን ከኒውክለሱ ይርቃል፤ በመሃል ያሉትም ይጋርዱታል፤ የያዘው ጉልበት ይላላል። ከአንድ ሞል የሊቲየም አቶም ላይ ኤሌክትሮኑን ለመንጠቅ 520 ኪሎጁል ያስፈልጋል፤ ለሶዲየም 496፣ ለፖታሲየም 419፣ ለሲዚየም 376። እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያየ ተማሪ ቀስት ምን ያደርግለታል?

ከዚያ መምህሩ ምስር የምታክል ሶዲየም ውሃ ላይ ይጣል። በራሷ ሙቀት ቀልጣ ትድበለበላለች፤ እየተንሿሿች ወዲያ ወዲህ ትሮጣለች፤ ሃይድሮጅን ይወጣል። ውሃው ላይ ፌኖልፍታሌይን ጠብ ተደርጎበት ከሆነ በሄደችበት ሁሉ ሮዝ ቀለም ይከተላታል። ፖታሲየም ሲሆን ወዲያው ሐምራዊ ነበልባል ይነሣል። ይህን ያየ ልጅ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

ሽምደዳ ደግሞ ቀስቱ የማይታዘዝበትን ቦታ ይሸፍናል። ፖታሲየም ከሶዲየም በታች ሆኖ ሳለ በእፍጋቱ ከሶዲየም ያንሳል። ውሃ ላይ ዝግ የሚለው ሊቲየም በኤሌክትሮድ ፖቴንሻል ሲለካ ሁሉንም ይበልጣል፤ አዮኑ ትንሽ ስለሆነ ውሃ አጥብቆ ይይዘዋል። የአሉሚኒየም ድስታችን ከዚንክና ከብረት ይልቅ ኤሌክትሮን ለመስጠት የሚቸኩል ሜታል ነው፤ ሳይበላ የሚኖረው ቀጭን የኦክሳይድ ሽፋን ስለሚጠብቀው ነው። ባትሪም የሚሠራው በዚሁ ኤሌክትሮን በመስጠትና በመቀበል ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከልክላ ወደ ባትሪ የዞረች አገር ልጆቿ ይህን ሳያውቁ እንዲመረቁ እንዴት ትፈቅዳለች?

«ሶዲየም አደገኛ ነው፤ በጀትም የለም» ይሉኛል። አደገኛ መሆኑ እውነት ነው፤ ስለዚህ መምህሩ ራሱ፣ በመነጽርና በመከለያ፣ በጥቂቱ ያሳይ። ሶዲየም ከሌለ ሚስማር አለ። የመዳብ ሰልፌት ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ ብዙም ሳይቆይ ቀይ መዳብ ይለብሳል። ብረቱ ኤሌክትሮኑን ሰጠ፣ መዳቡ ተቀበለ። ሕጉ ያው ነው፤ ለሚስማር ደግሞ በጀት አይጠየቅም።

ሜንዴሌቭ እ.ኤ.አ. በ1869 ሠንጠረዡን ሲያወጣ ገና ላልተገኙ ንጥረ ነገሮች ባዶ ቦታ ተወላቸው፤ ባሕርያቸውንም አስቀድሞ ተነበየ። ጋሊየም በ1875፣ ጀርማኒየም በ1886 ተገኙ። ያልታየውን ለመተንበይ የተሠራ መሣሪያ እኛ ዘንድ የቃል ጥናት ሆነ። ሽምደዳው ለፈተና እንኳ አልበጀም፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ፈተና አውጪዎች ሆይ፣ «የትኛው ይበልጣል?» ብላችሁ አታቁሙ፤ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። እናንተ ከጠየቃችሁ መምህሩ ያስተምረዋል። ርእሳነ መምህራን፣ የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ለመምህሩ ስጡ። ወላጆችም ልጃችሁ ስንት እንዳመጣ ከመጠየቃችሁ በፊት በዚህ ዓመት ቤተ ሙከራ ገብቶ እንደሆነ ጠይቁት።