ስም ለመስጠት አንቸኩል፦ የአውሮፓ ባለከፋይ ሸረሪቶችን በመኖሪያቸው ስለ መለየት

በመካከለኛው አውሮፓ በመስከረም ወር፣ ፀሐይ በሚያገኘውና ሣሩ በሳሳ ደረቅ ተዳፋት ላይ የሚጓዝ ሰው አንዳች ቀይ ነገር ከእግሩ ሥር ሲሮጥ ሊያይ ይችላል። ሲያዩት ጥንዚዛ ይመስላል፤ እግሮቹ ግን ስምንት ናቸው። ሆዱ ደማቅ ቀይ ሆኖ አራት ጥቁር ነጠብጣቦች ያሉበት፣ እግሮቹም በነጭ ቀለበት የተዋቡት ይህ ፍጥረት፣ ኤሬሰስ ከተባለው ወገን የሆነ ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ሸረሪት ነው። ሰውነቱ እንደ ከፋይ ጨርቅ በለሰለሰ ጠጉር የተሸፈነ በመሆኑ እርሱና ዘመዶቹ ባለከፋይ ሸረሪቶች ይባላሉ። ተመልካቹ ፎቶግራፍ ያነሣዋል፤ ወዲያውም የዝርያ ስም ይሰጠዋል። ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው ይህን ችኮላ ነው። ቀለምን ብቻ አይቶ የዝርያ ስም መስጠት ግምት እንጂ ምልከታ አይደለም። በአንጻሩ «ኤሬሰስ፣ ዝርያው ያልተለየ» ብሎ መመዝገብ የሙያ ታማኝነት እንጂ ድክመት ሊባል አይገባውም።

የወገኑ የስያሜ ታሪክ ለዚህ አቋም በቂ ምስክር ነው። በመካከለኛው አውሮፓ የሚገኙት እነዚህ ሸረሪቶች ለረዥም ዘመን ኤሬሰስ ሲናበሪነስ ወይም ኤሬሰስ ኒገር በሚሉ ስሞች በጅምላ ሲጠሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሚላን ሬዛችና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ክለሳ ግን ሦስት ዝርያዎች መሆናቸው ታወቀ፤ እነርሱም ኤሬሰስ ኮላሪ፣ ኤሬሰስ ሳንዳሊያተስና ኤሬሰስ ሞራቪከስ ናቸው። ከአካል ቅርጽ ባሻገር የሕይወት ወቅታቸውም ይለያያል። በአካባቢው የኮላሪ ወንዶች ከጉድጓዳቸው የሚወጡት ከበጋው ማብቂያ እስከ መጸው ሲሆን፣ የሁለቱ ዝርያዎች ወንዶች ግን በጸደይ ይወጣሉ። እንግዲህ ቀን ያልተጻፈበትና ናሙና ያልተቀመጠለት የቀድሞ መዝገብ ዛሬ ከሦስቱ ለየትኛው እንደሚመደብ ማን ሊናገር ይችላል? ቀኑን የጻፈ ተመልካች፣ የሰጠው ስም ቢሻርም እንኳ፣ ሥራው አልተሻረም።

ዛሬም ቢሆን የነጠብጣቦቹ ቁጥር ዝርያን አይለይም። የኋላ እግሮች ቀለምና በፊተኛው የአካል ክፍል ላይ ያለው ጠጉር ፍንጭ ይሰጣሉ፤ ሆኖም አስተማማኙ ማስረጃ በአጉሊ መነጽር የሚታየው የመራቢያ አካል ቅርጽ ነው። በወንዱ ይህ አካል ከአፉ ግራና ቀኝ ባሉት አጫጭር መዳሰሻዎች ጫፍ ላይ ይገኛል። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ወንድ ደግሞ ቀዩን ልብሱን ገና ስላልለበሰ ከሴቷ ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ ጥቁር ሸረሪት በፎቶግራፍ አይቶ ዝርያውንና ጾታውን በእርግጠኝነት መናገር ከማስረጃው በላይ መናገር ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው «እንግዲያውስ ጉድጓዱን ቆፍረን ሴቷን አውጥተን እንመርምር» የሚል ነው። ሴቷ በድር በተለበጠ ጉድጓድ ውስጥ ለዓመታት የምትኖር ናት። ልጆቿን ከአፏ በምታወጣው ምግብ ትመግባለች፤ በመጨረሻም ራሷ ምግባቸው ትሆናለች። ልጆቹም ሲበተኑ ብዙ ርቀው ስለማይሄዱ መንደራቸው ጠባብ ነው። ስለዚህ አንድ ጉድጓድ መቆፈር አንዲት እናትን ብቻ ሳይሆን ትውልድንም መንካት ነው። በብሪታኒያ ኤሬሰስ ሳንዳሊያተስ ጠፍቷል ተብሎ ከታመነበት ከብዙ ዘመን በኋላ በዶርሴት አሸዋማ የቁጥቋጦ መሬት እንደገና ሲገኝ የቀረው አንድ መንደር ብቻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የተቆጠሩትም 56 ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ ያንሰራራው በብዙ ጥበቃ ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ ለአንድ ስም ሲባል የሚደረግ ቁፋሮ ስሙ የሚጠቅመውን ፍጥረት ራሱን ያጠፋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «የጥበቃ ሥራ የዝርያ ስም ይሻል፤ በወገን ደረጃ የቆመ መዝገብ ምን ይረባል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ያልተሟላ መዝገብ ወደፊት ሊሟላ ይችላል፤ የተሳሳተ ስም ግን ትክክል መስሎ በካርታና በጥበቃ ዝርዝር ውስጥ ይቀመጣል፤ ማንም መልሶ አይጠይቀውም። ብርቅ የሆነው ዝርያ በሌለበት አለ ይባላል፤ ባለበትም ይዘነጋል።

ስለሆነም በመስክ ያለ ተመራማሪ ቀኑን፣ የአፈሩንና የዕፅዋቱን ዓይነት፣ የተዳፋቱን አቅጣጫ፣ የሸረሪቱን ጾታና የዕድገት ደረጃ ይመዝግብ። ጉድጓዱንም ሳይነካ ከላዩ ይወቀው፤ በአፈርና በሣር ስብርባሪ የተሸፈነው የድር ጣሪያና በዙሪያው የሚታየው የጥንዚዛ ቅሪት ነዋሪዋን ይመሰክራሉ። ናሙና የግድ ካስፈለገ፣ በሕጋዊ ፈቃድ የሚወሰደው ሴት ፍለጋ የሚዞረው ወንድ ይሁን፤ ቀሪ ዕድሜው አጭር ነውና። ትክክለኛው ስፍራም ለሰብሳቢዎች እንዳይጋለጥ ለሕዝብ ከሚቀርበው ሰነድ ይሸሸግ።

ጉዳዩ የአውሮፓ ብቻ አይደለም። እነዚህ ሸረሪቶች የሚመደቡበት ኤሬሲዴ የተባለው አስተኔ አብዛኞቹ ወገኖች የሚገኙት በአፍሪካ ነው። ከእነርሱም አንዱ ስቴጎዲፈስ በኅብረት ድር የሚያደሩና በኅብረት የሚያድኑ ዝርያዎች አሉት፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ብሂላችን በእነርሱ ዘንድ የዕለት ኑሮ ነው። የአውሮፓ ተመራማሪዎች በአንድ ስም የጠቀለሉትን ለመፍታት ረዥም ዘመን ፈጅቶባቸዋል። በሀገራችን በሸረሪቶች ላይ ሥራ የሚጀምር የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከዚያ ድካም ተምሮ ያየውን ብቻ ቢጽፍ፣ ያላየውንም ለሚቀጥለው ባዶ ቦታ ቢተውለት፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሰው የተቋጠረ ከመፍታት ይድናል።