የብሮድባንድ ሽፋን መረጃ የማን ነው?

መግቢያ

በአንድ ሰፈር ቤት ለመከራየት ወይም ሱቅ ለመክፈት ያሰበ ሰው የውኃውን፣ የመብራቱንና የመንገዱን ነገር አስቀድሞ ይጠይቃል። ዛሬ በእነዚህ ላይ አራተኛ ጥያቄ ተጨምሯል፤ «እዚህ ቦታ ፈጣን ኢንተርኔት የሚያስገባው የትኛው ድርጅት ነው?» የሚል። የፊተኞቹን ሦስቱን በዓይን አይቶ ማረጋገጥ ይቻላል። አራተኛው ግን በዓይን ስለማይታይ ጠያቂው ጎረቤት ያማክራል፣ ወደ አገልግሎት ማዕከል ይሄዳል፣ አለዚያም ውል ፈጽሞ ዕድሉን ይሞክራል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው፤ የትኛው አቅራቢ የትኛውን ቦታ እንደሚያዳርስ የሚያሳየው መረጃ የድርጅቶች ማስታወቂያ ሆኖ መቅረት የለበትም። በአንድ መለኪያ ተሰብስቦና በተጠቃሚው ተፈትኖ ለሁሉም ክፍት ሊሆን ይገባል።

ጥያቄው ለአገራችን አዲስ ነው። አቅራቢው አንድ ብቻ በነበረበት ዘመን «ማን ያቀርባል?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም አልነበረውም። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ዘርፉን ለውድድር ከፍቶ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አቋቋመ። በ2013 ዓ.ም. በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት ፈቃድ አገኘ፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያም በአዲስ አበባ አገልግሎቱን በይፋ ጀመረ። የኢትዮ ቴሌኮምን መሠረተ ልማት ተጠቅመው ኢንተርኔት የሚያከፋፍሉ አነስተኛ አቅራቢዎችም አሉ። ስለዚህ ምርጫ አለ ማለት ይቻላል። ሆኖም ምርጫ ምርጫ የሚሆነው መራጩ በደጁ ምን እንዳለ ሲያውቅ ነው።

«ሽፋን» ሲባል ምን ማለት ነው?

የችግሩ ሥር ያለው በቃሉ ውስጥ ነው። ድርጅቶች ሽፋናቸውን አንዳንዴ በሕዝብ ብዛት መቶኛ፣ አንዳንዴ በከተሞች ቁጥር ይገልጻሉ። ሁለቱም ሐሰት ላይሆኑ ይችላሉ፤ ለነዋሪው ግን መልስ አይሰጡም። ሕዝብ በከተማ ተጠጋግቶ ስለሚኖር የሕዝብ መቶኛው ከፍ ብሎ የቆዳ ስፋት ሽፋኑ ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል። የአንድ ከተማ ስም በዝርዝር ውስጥ መግባቱም ከአውቶቡስ መናኸሪያው ወዲያ ያለው ቀበሌ አገልግሎቱን ያገኛል ማለት አይደለም።

ቴክኖሎጂውም ልዩነቱን ያሰፋዋል። በመዳብ የስልክ መስመር የሚመጣው ብሮድባንድ ከማዞሪያ ጣቢያው በራቀ ቁጥር ፍጥነቱ እየወረደ ይሄዳል፤ ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ከናካቴው አይሠራም። በፋይበር ረገድ ርቀቱ ያን ያህል አያሳስብም። ነገር ግን ከአንድ ዋና መስመር የሚከፈሉት ቅርንጫፎች ብዙውን ጊዜ 32 ወይም 64 በመሆናቸው፣ በሰፈሩ አከፋፋይ ሳጥን ውስጥ ያሉት ቦታዎች ከተያዙ መስመሩ በደጁ የሚያልፍበት ሰው እንኳ ወረፋ ይጠብቃል። በሞባይል ደግሞ በመንገድ ላይ ጠንካራ የነበረው ምልክት የኮንክሪት ግድግዳ አልፎ ወደ ውስጠኛው ክፍል ሲገባ ይዳከማል፤ ከፍ ባለ ሞገድ የሚሠራው ይበልጥ ይጎዳል። ስለዚህ «ይሸፍናል» የሚለው ቃል ሦስት ነገሮችን ለይቶ መናገር አለበት፦ መስመሩ ወይም ምልክቱ ይደርሳልን? ለአዲስ ደንበኛ የሚሆን አቅም አለን? ደንበኛው በስንት ቀን ውስጥ ይገናኛል?

ከአሜሪካ ልምድ የሚገኝ ትምህርት

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ታሪክ ነው። ኮሚሽኑ ለዓመታት ሽፋንን የሚቆጥረው በሕዝብ ቆጠራ ብሎክ ነበር። በአንድ ብሎክ ውስጥ አንድ ቤት እንኳ አገልግሎት ማግኘት ከቻለ ብሎኩ በሙሉ እንደ ተሸፈነ ይመዘገብ ነበር። በገጠር አንድ ብሎክ እጅግ ሰፊ ሊሆን ስለሚችል፣ የአንዱ ቤት ዕድል የብዙዎችን እጦት ሸፈነ። መረጃውን የሚያቀርቡትም ድርጅቶቹ ራሳቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ አነስተኛ አቅራቢ በስምንት ግዛቶች ያሉትን የቆጠራ ብሎኮች ሁሉ እንደሚሸፍን አድርጎ ያቀረበው መረጃ በኮሚሽኑ ረቂቅ ዓመታዊ ሪፖርት ውስጥ ገብቶ ነበር። ስሕተቱን ያገኘው ኮሚሽኑ ሳይሆን ከውጭ ሆኖ መረጃውን የመረመረ የሕዝብ ጥቅም ተሟጋች ድርጅት ነው። ሪፖርቱ ታርሞ ሲወጣ ፈጣን ብሮድባንድ የማያገኘው ሕዝብ ከ19.4 ሚሊዮን ወደ 21.3 ሚሊዮን ከፍ አለ።

ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ሕግ አሠራሩን ቀየረ። አዲሱ ካርታ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ሲወጣ የመቁጠሪያ አሃዱ ብሎክ መሆኑ ቀርቶ እያንዳንዱ ሕንፃ ሆነ። አንድ አቅራቢ ለአንድ ቦታ «አገልግሎት አለኝ» ማለት የሚችለው ቀድሞውኑ ካገናኘው፣ ወይም በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ በመደበኛ አሠራር ማገናኘት ከቻለ ነው። ነዋሪውና የአካባቢው አስተዳደርም ካርታውን የመቃወም መብት አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2023 ለብሮድባንድ ማስፋፊያ የተመደበው 42.45 ቢሊዮን ዶላር በግዛቶች መካከል ሲከፋፈል ዋናው መሠረት ይኸው ካርታ ነበር። ካርታው አሁንም እንከን አያጣውም። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፤ የመለኪያው ትርጉም ሲለወጥ የእውነታው መልክ ይለወጣል፤ ካርታ የሚታረመውም ለተቃውሞ ክፍት ሲሆን ነው።

ለእኛ አገር ምን ይበጃል?

የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የአገልግሎት ጥራትንና የተጠቃሚ መብትን የሚመለከቱ መመሪያዎች አውጥቷል። በዚህ ላይ ሦስት እርምጃዎች ቢጨመሩ መልካም ነው። አንደኛ፣ ሁሉም ባለፈቃዶች ሽፋናቸውን በአንድ ትርጉም፣ በወረዳና በቀበሌ ሳይሆን በቦታ መገኛ ነጥብ እንዲያሳውቁ ማድረግ ነው። ሁለተኛ፣ ይህ በአንድ የሕዝብ ካርታ ላይ ተቀምጦ ማንም ሰው የቆመበትን ቦታ ጠቁሞ የአቅራቢዎቹን ስም፣ የቴክኖሎጂውን ዓይነትና የማገናኛውን ጊዜ እንዲያይ ማስቻል ነው። ሦስተኛ፣ «እኔ ዘንድ የለም» የሚል ሰው አቤቱታውን የሚያስገባበትና አቅራቢው በተወሰነ ጊዜ መልስ የሚሰጥበት ሥርዓት መዘርጋት ነው።

ተቃውሞ እንደሚነሳ አያጠራጥርም። አንዱ፣ አብዛኛው ቤት የታወቀ የጎዳና አድራሻ የለውም የሚል ነው። እውነት ነው፤ በእኛ ዘንድ አድራሻ የሚነገረው በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ ወይም በአንድ ሆቴል ጀርባ ነው። ይሁን እንጂ ተራ ስልክ እንኳ የቆመበትን ቦታ ይለካል፤ ከሳተላይት ምስል የተወሰዱ የሕንፃ ንድፎችም አፍሪካን ጨምሮ በነፃ ይገኛሉ። ሁለተኛው፣ መረጃው የንግድ ምስጢር ነው፤ ለመሠረተ ልማት ደኅንነትም ያሰጋል የሚል ነው። ለዚህ መልሱ፣ የሚታተመው አገልግሎት የሚገኝበት ቦታ እንጂ የፋይበሩ መንገድና የማማው መሣሪያ ዝርዝር አይደለም የሚል ነው። አቅራቢ ለደንበኛ የሚሸጠውን ነገር ከደንበኛ ሊሰውር አይገባውም። ሦስተኛው የወጪ ጉዳይ ነው። ይህ ከሁሉም የሚከብድ ስለሆነ ሥራው በአንድ ጊዜ መላ አገሪቱን መሸፈን አይጠበቅበትም፤ በክፍላተ ከተማና በጥቂት የክልል ከተሞች ተጀምሮ በየጊዜው ሊሰፋ ይችላል።

ማጠቃለያ

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለከፊሎቹ ተፈታኞች በበይነ መረብ ተሰጥቷል። የትኛው ትምህርት ቤት በየትኛው አቅራቢ ሊገናኝ እንደሚችል ሳይታወቅ ይህን አሠራር ለሁሉም ማዳረስ፣ ዝግጁውን ተማሪና ያልታደለውን በአንድ ሚዛን መመዘን ይሆናል። የጤና ጣቢያውና የወረዳው ጽሕፈት ቤት ጉዳይም ከዚህ አይለይም። መንግሥትም ቢሆን የጎደለውን ቦታ ሳያውቅ በጀት ቢመድብ ገንዘቡ አስቀድሞ አገልግሎት ወዳለበት ይፈስሳል።

በዚህ ሥራ ዩኒቨርሲቲዎች ተመልካች ብቻ ሊሆኑ አይገባም። በየዓመቱ ለመመረቂያ ጥናት ርዕስ የሚፈልጉ የምሕንድስና፣ የጂኦግራፊና የስታቲስቲክስ ተማሪዎች አሉን። እያንዳንዳቸው አንድ ወረዳ ወስደው አቅራቢዎች የተናገሩትን በሜዳ ከለኩት ጋር ቢያነጻጽሩ፣ ባለሥልጣኑ ካርታውን በሚያወጣበት ቀን የሚፈተንበት ማስረጃ አስቀድሞ ይዘጋጃል።